ናሙና ሐ

ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ይስሐቅ፣

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ባሉበት ይብዛልዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎደለን የእርስዎ ድምፅ ነው፤ እሱንም እናቴ እሑድ እሑድ በስልክ ከሰማችው ታካፍለናለች።

እኔ ብሩክታይት ነኝ፣ የእህትዎ የአስናቀች ትልቋ ልጅ። እርስዎ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ትንሽ ስለነበርኩ መልኬን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። አሁን ሶዶ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ። ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር በወይዘሮ ፈጠነች ግቢ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ይህንንም ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በእሳቸው ስልክ ፎቶ አንስቼ ነው በቴሌግራም የምልክልዎ።

ያስቸገርኩዎ ለትምህርት ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ዓምደሚካኤል ከየቤታችን የመጠጥ ውሃ በጠርሙስ እንድናመጣ አዝዘውን፣ እሳቸው ድሮ ወደተማሩበት ላብራቶሪ ወስደው ውሃውን አስመረመሩን። እኔ ከሦስት ቦታ አመጣሁ። ከዚያ ሪፖርት ጻፉ አሉን። እኔም መኪናው ውስጥ ምን እንደተባባልን፣ ነጩ ካፖርት እንዴት እንደረዘመብኝ፣ ቀዩ ማቅለሚያ እንዴት እንደሚያምር ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መምህሩ «ጥሩ ድርሰት ነው፤ ሪፖርት ግን አይደለም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው መለሱልኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

እናቴ እርስዎ ከመሄድዎ በፊት ቤሌ ከተማ ኬሚስትሪ ያስተምሩ እንደነበር ነገረችኝ። እንዴት እንደሚጻፍ ቢያሳዩኝ ብዬ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅዎ።

የእህትዎ ልጅ ብሩክታይት


ምታታ ከተማ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለብሩክታይት፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። እናትሽንና ታናሽሽን እየሩስን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ ነው። ከአገር ቤት ብዙ መልእክት ይመጣልኛል፤ ስለ ኬሚስትሪ የጠየቀኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ደንበኛዬን አስቁሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤሌ ሳስተምር ለስልሳ ተማሪ አንድ ሚዛን ነበረን። የሊትመስ ወረቀቱን እንዲዳረስ በመቀስ እንደ ክር አቅጥኜ እቆርጠው ነበር። ያ ሁሉ ትዝ አለኝ።

አሁን ስሚኝ። ሪፖርት የሚጻፈው እዚያ ላልነበረ ሰው ነው። ያ ሰው ያንቺን ወረቀት ይዞ አንቺ የሠራሽውን ቢሠራ፣ ያየሽውን ማየት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ለማወቅ እንደፈለግሽ ጻፊ። ቀጥለሽ በምን ዕቃ እንደሠራሽ፣ እንዴት እንደሠራሽ፣ ከዚያ ምን እንዳየሽ። ያየሽው ምን ማለት እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያየሽውንና የመሰለሽን አታደባልቂ። የካፖርቱን ርዝመት ለእኔ ንገሪኝ፤ ለመምህርሽ ግን አያስፈልግም። ቁጥሩ ደስ ባይልሽም እንዳለ አስቀምጪው፤ ቁጥር አይለመንም።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለገና ቤት ስትገቢ በአያትሽ ስም ያስቆፈርኩትን ጉድጓድ፣ የሽታዬን ውሃ፣ ፎቶ አንሺልኝ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው፣ ልጆቹም እየጠጡ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ያለን የአገራችን የዲምቱ ልጆች ለላይኛው መንደርም እንዲሁ ያለ ጉድጓድ ልናስቆፍር ማኅበራችን ወስኗል። ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ለማ ቆፋሪዎቹን አነጋግረዋል። ፎቶውን እዚህ ላሉት ላሳያቸው ነው። በእናታችን ስም የተሠራ ነገር ሲያዩ ሰዎች እጃቸው ይፈታል።

ሪፖርቱን ስትጨርሺ ላኪልኝ።

አጎትሽ ይስሐቅ


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? በረከት ከደጅዎ አይጥፋ። እንዳስተማሩኝ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። ለመምህሩ ከመስጠቴ በፊት እርስዎ እንዲያዩልኝ ይኸው።

ዓላማ፦ ከሦስት ቦታ በመጣ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለውን የፍሎራይድ መጠን ማወቅ።

ዕቃ፦ ሦስት ናሙና (ሀ፣ ለ፣ ሐ)፣ ቴስት ቲዩብ፣ ቀይ ማቅለሚያ፣ የተጣራ ውሃ፣ የቀለም መለኪያ መሣሪያ።

አሠራር፦ በየቴስት ቲዩቡ አሥር ሚሊሊትር ውሃ ተለክቶ ሁለት ሚሊሊትር ማቅለሚያ ተጨመረበት። ፍሎራይድ ቀዩን ቀለም ያደበዝዛል፤ በጣም ከደበዘዘ ፍሎራይዱ ብዙ ነው ማለት ነው። የናሙና ሐ ቀለም መሣሪያው ከሚለካው በላይ ስለደበዘዘ፣ አንድ እጅ ናሙና ከአራት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ተለካ።

ውጤት፦ ናሙና ሀ 0.4፣ ናሙና ለ 0.3፣ ናሙና ሐ 1.3 ሚሊግራም በሊትር።

ማጠቃለያ፦ ለመጠጥ የሚፈቀደው እስከ 1.5 ስለሆነ ሦስቱም ውሃዎች ለመጠጥ ይሆናሉ።

ሀ የወይዘሮ ፈጠነች ግቢ ቧንቧ ነው። ለ ከከተማው ዳር ያለ ምንጭ ነው። ሐ ከየት እንደሆነ ግን አሁን አልነግርዎም። መምህሩ ሳያጸድቁት ብናገር ይበላሽብኛል ብዬ ነው፤ ሲያውቁ ደስ ይልዎታል።

ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር።

ብሩክታይት


ምታታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብልኋ የእህቴ ልጅ፣

ጌታ ጥበቡን ይጨምርልሽ። ጽሑፍሽ አሁን ሪፖርት ሆኗል። እኔ ራሴ እዚያ የነበርኩ ያህል ተከተልኩት፤ ስለተከተልኩትም ነው ስህተትሽን ያገኘሁት።

አንድ እጅ ናሙና ከአራት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቀልሽ። ስለዚህ የለካሽው ናሙና ሐን ሳይሆን በአምስት የቀጠነውን ነው። ዳጣ ቢያቃጥልሽና በቅቤ ብትለውሺው ምላስሽ ላይ ይቀልላል፤ የገባው በርበሬ ግን አልቀነሰም። 1.3ን በአምስት አባዢው። 6.5 ነው። ከሚፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። መጀመሪያ መሣሪያው መለካት ያቃተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ግን አላዳመጥሽውም።

ማጠቃለያሽ መለወጥ አለበት። ናሙና ሐ ለመጠጥ አይሆንም። እንዲህ ያለ ውሃ እየጠጡ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት ሲቆይ አጥንትም ይነካል። ውሃው ሲያዩት ጥሩ ነው፤ ሽታም የለውም። ማፍላትም አይጠቅምም።

ደግሞ ቦታው ይጻፍ። ቦታ የሌለው ናሙና ምንም አይረባም። ከየት ነው የቀዳሽው? የሚጠጡት ሰዎች ዛሬውኑ ይወቁት። ይህን ያህል ፍሎራይድ የሚገኘው በጥልቅ ጉድጓድ ነውና፣ ያስቆፈሩት ቅር ይላቸዋል ብለሽ እንዳትፈሪ። ደግ ሰው ከሆኑ ያመሰግኑሻል። ደግ ካልሆኑ ደግሞ የእነሱ ቅሬታ ከልጆቹ አይበልጥም።

ፎቶውን አትርሺ።

አጎትሽ ይስሐቅ


ሶዶ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሰዎ፤ በዘገየ ምላሼ ይቅር ይበሉኝ።

ሒሳቡን አስተካክዬ ለመምህሩ ሰጠሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ለገና ቤት ነበርኩ። በሬው በጋራ ታርዶ ለእኛም ጥሩ ድርሻ ደረሰን። በቆሎው በመጠኑ ነው፤ እንሰቱ ግን ደህና ይዟል። ፎቶውን ለማንሳት የወይዘሮ ፈጠነች ስልክ ስላልነበረኝ አልተሳካልኝም። ናሙና ሐ ከቆላ የመጣ ነው።

እናቴ ሰላም ትልዎታለች።

ብሩክታይት


ምታታ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አንደኛ በመውጣትሽ ደስ ብሎኛል።

ቆላ ሰፊ ነው። ናሙና ሐ ከየት ነው?

ይስሐቅ


ሶዶ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናልዎ። ይህንን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ናሙና ሐ የሽታዬ ውሃ ነው። በጠርሙስ የቀዳሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ 1.3 ሲሆን የእርስዎ ጉድጓድ ፈተና ያለፈ መስሎኝ ላስደስትዎ ነበር የደበቅኩት። እርስዎ አባዢው ያሉኝ ቀን መልሱን ሳየው ወረቀቱን አጥፌ ከፍራሽ ሥር አስገባሁት። ለመምህር ዓምደሚካኤል ነገርኳቸው። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ሌላ ጠርሙስ አምጪ አሉኝ። ለገና ስገባ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ በራሱ ውሃ አለቅልቄ እንደገና ቀዳሁ። 6.3 ወጣ።

ለገና ያላልኩዎትን አሁን ልበል። እየሩስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የፊት ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው፤ አንዳንዱ ደግሞ ተፈርፍሯል። እናቴ ሸንኮራ ስለምታበዛ ነው ብላ በከሰልና በጨው ትፈገፍጋታለች፣ ልጅቷም ድዷ እየደማ ታለቅሳለች። እኔም ሸንኮራ ነው ብዬ አምን ነበር። 6.5 መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ሄጄ ልጆቹ ሲዘምሩ አየኋቸው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ወዲህ ያደጉት ሁሉ እንደ እሷ ናቸው። የእኔ እኩዮች ጥርስ ነጭ ነው፤ እኛ በወንዝ ውሃ ነው ያደግነው። ነገር ግን ከእኔ ቀጥሎ የነበረውን ወንድሜን የወሰደው የወንዙ ውሃ መሆኑንም አልረሳሁም። ስለዚህ ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸገረኝ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ለይስሐቅ እንዳትነግሪው አለችኝ። ለምን ስላት፣ «ወንድሜ በሰው አገር ብርድ ልብስ እየሸጠ የሚኮራበት ነገር ያ ውሃ ብቻ ነው። እሱን ልትወስጂበት ነው?» አለች። እኔም ቃል ገባሁላት። ለዚህ ነው ስለ በሬና ስለ እንሰት የጻፍኩልዎ።

አሁን ግን በትምህርት ዕረፍት ቤት ስገባ አቶ ለማ ለላይኛው መንደር የሚቆፈርበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ከእኛ ጉድጓድ ብዙም አይርቅም። ጥልቀቱም እኩል ነው አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ እዚያም እየሩስን የመሰሉ ልጆች ሊያድጉ ነው። ለእናቴ የገባሁትን ቃል ያፈረስኩት በዚህ ምክንያት ነው። እሷ ገና አላወቀችም።

ሪፖርቱን በሙሉ ከቦታው ስም ጋር አያይዣለሁ። ከተቀየሙኝ ይገባኛል።

ብሩክታይት


ሶዶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

በሰላም እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዬ መነበቡን ስልኩ ያሳየኛል፤ መልስ ግን የለም። ወይዘሮ ፈጠነችን ስልካቸውን በየምሽቱ እየለመንኩ አሰለቸኋቸው።

እሑድ እሑድ እንደማይደውሉ እናቴ ነገረችኝ። ያኔ መጻፌን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። የቁፋሮው መኪና ከሐዋሳ ሊነሣ ነው ይባላል። ለአቶ ለማ እኔ ብነግራቸው የሚሰሙኝ አይመስለኝም። እባክዎ፣ ለእኔ ባይጽፉልኝም ለእሳቸው ይደውሉላቸው።

ብሩክታይት


ምታታ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩክታይት፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን። ዝምታዬ አስጨንቆሻል፤ እንደሚያስጨንቅሽም አውቅ ነበር።

ጥር ላይ «ከቆላ ነው» ስትዪኝ ጠርጥሬ ነበር። ቢሆንም ተጽፎ ሳየው ሌላ ሆነብኝ። በመጀመሪያ ያደረግኩት እንከን መፈለግ ነው። ማቅለሚያው አርጅቶ ይሆን፣ ጠርሙሱ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆን እያልኩ ሪፖርትሽን መላልሼ አነበብኩት። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቅልቀሻል። ሁለት ጊዜ ለክተሻል። መውጫ አሳጣሽኝ። በአንቺም ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ቤሌ ላይ ባስተማርኩት ሁሉ ተናደድኩ። ሱቁን ዘግቼ የዋልኩበት ቀንም አለ።

ስልኬ ላይ ውሃው የወጣ ዕለት የተነሳ ፎቶ አለ። ልጆቹ ከቧንቧው ሥር ተደርድረው በእፍኛቸው ይጠጣሉ። በየዓመቱ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ለሰው የማሳየው እሱን ነበር። አሁን ስከፍተው የማየው የጠጡትን ልጆች ዕድሜ ነው።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ፎቶውን አላሳየሁም፤ ያንቺን ሪፖርት ከዓላማው እስከ ማጠቃለያው አነበብኩላቸው። ብዙ ተጨቃጨቁ። ወንደሰን የሚባለው፣ ከሁላችን ይበልጥ ለቁፋሮው የደከመው፣ «ተማሪ በጻፈችው ወረቀት ነው ሥራ የምናቆመው?» አለ። እኔም «ሒሳቡን ያረምኩት እኔ ነኝ። የማን ጉድጓድ እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያረምኩት» አልኩት።

የወሰንነው ይህ ነው። የላይኛው መንደር ቁፋሮ ቆሟል። ለአቶ ለማ ደውያለሁ፤ በመጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ አሁን ሰምተዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ይዞርና ዝናቡ በትልቅ ታንከር ይጠራቀማል። ያ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚደርሰውም ለልጆች ነው። ከወረዳ ባለሙያ መጥቶ የራሱን ናሙና እንዲወስድ ጠይቄያለሁ፤ ያንቺ ቁጥር በሌላ ሰው እጅ መደገም አለበት። ጉድጓዱ አይዘጋም፤ ለልብስና ለገላ ችግር የለውም።

የእናታችንም ስም ከላዩ አይነሣ። ሽታዬ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ለማጠብ ገደል ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። ለማጠቢያ የሚሆን ውሃ ደጅ ላይ ማግኘት ለእሷ ትንሽ ነገር አልነበረም።

አስናቀችን አትቀየሚያት። ያዘነችው ለእኔ ነው። ዛሬ ደውዬላት ብዙ አወራን። እየሩስን በከሰል መፈግፈጉን እንድትተው ነገርኳት፤ የልጅቷ ጥፋት አይደለም።

የጉድጓዱን ፎቶ ከእንግዲህ አልፈልግም። ከቻልሽ የእየሩስን ላኪልኝ፤ ልጅቷ እንደፈለገችው ሆና።

አጎትሽ ይስሐቅ


ሶዶ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ዘመንዎ ይለምልም፣ ሥራዎ ይባረክ። ፈተና ስለነበረብኝ ዘገየሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

የወረዳው ባለሙያዎች መጥተው ቀድተው ሄዱ። የእነሱ 6.4 ነው። ከዚያ አቶ ለማ ከአምልኮ በኋላ ሕዝቡ እንዲቆይ አድርገው ሪፖርቱን እንዳነብ ጠሩኝ። መምህር ዓምደሚካኤል ከሶዶ ድረስ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። በአማርኛ የጻፍኩትን በወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩ። «ፍሎራይድ» የሚለውን እንዳለ ተውኩት፤ ለእሱ ቃል አላገኘሁም።

ስጨርስ እማማ ትዕዛዝ ብቻ ተነሡ። ያውቋቸዋል፣ ሦስት ልጆች በተቅማጥ የቀበሩ ናቸው። «ወንዝ ተመለሱ ልትዪን ከሆነ እኔ አልሰማሁሽም» አሉኝ። ወንዝ እንዳልሆነ፣ የዝናብ ውሃ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። በቂ ይሆናል ወይ አሉኝ። በበጋ ላይበቃ ይችላል አልኳቸው። የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት አልፈለግኩም። እሳቸውም በቁርጡ መናገሬ ሳይሻላቸው አልቀረም፤ ተቀመጡ።

አሸንዳውን ወጣቶቹ ሠሩት። ታንከሩ ከሶዶ በአይሱዙ መጣ። ጉድጓዱ ላይ በቀይ ቀለም «ለማጠቢያ» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር አሁንም ከእሱ የሚጠጡ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የሚርቃቸው ሲደክማቸው ይጠጣሉ። እናቴ ግን ጎረቤት ሲጠጣ ስታይ ትቆጣለች። እንዳትነግሪው ያለችኝ እሷ፣ አሁን በየቤቱ እየገባች ለነፍሰ ጡሮች የምትነግረው እሷ ናት።

የእየሩስ ጥርስ አይመለስም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዲያ አለን፤ ከእንግዲህ የሚበቅሉት ግን ሊሻላቸው ይችላል አለ። ለእሷም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሸንኮራ አይደለም ማለት ነው አለችኝ፤ አይደለም አልኳት። በዚያው ቀን ሙሉ አገዳ ገዝታ በላች።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ጊዜ ታንከሩ ሞላ። ልጆቹ በየተራ ቀዱ። እየሩስ ቀምሳው ፊቷን ቋጠረች። «ይኼ ውሃ አይጣፍጥም» አለች። ተወልዳ እስከዛሬ የምታውቀው የጉድጓዱን ጣዕም ብቻ ነዋ። ግን ጠጣችው።

ፎቶውን በአቶ ለማ ስልክ ያነሳሁት ያኔ ነው። እንደፈለገችው ሆና ስላሉኝ ምንም አላልኳትም። ጣሳው አፏን ሸፍኖታል፤ ዓይኖቿ ግን ይታያሉ፣ እየሳቀች ነው።

ብሩክታይት